ፊደሉ አልተሳሳተም

ስለ ካንሰር በዩቲዩብም በፖድካስትም የሰማ ሰው ይቺን ማብራሪያ ሳያገኛት አይቀርም፦ ዲኤንኤ መጽሐፍ ነው፣ ካንሰር ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ የገባ የፊደል ግድፈት። ለእኛ ለኮድ ጸሐፊዎች ስትቀርብ «ባግ» ትባላለች። ምሳሌዋ ቶሎ ትገባለች፤ ለብዙ ካንሰሮችም እውነት አላት። ለአንድ የደም ካንሰር ቤተሰብ ግን አትሠራም። እዚያ ፊደሉ አልተሳሳተም፣ ቃሉም አልተሳሳተም። የተሳሳተው መጋጠሚያው ነው። የቃላት ጭቅጭቅ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ምሳሌው ሲሳሳት መድኃኒቱን የምንረዳበት መንገድም አብሮ ይሳሳታል፤ ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ክኒን ለሚያመጣ ሰው ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህን ያስጻፉኝ ሁለት መጻሕፍት ናቸው። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው፣ በማግሥቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው የሲዳርታ ሙከርጂ የካንሰር «የሕይወት ታሪክ» ነው፤ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የደዌዎች ሁሉ ንጉሠ ነገሥት» ይሆናል። ሁለተኛው በ2013 የወጣው የጄሲካ ዋፕነር «ዘ ፊላደልፊያ ክሮሞሶም» ነው። ሙከርጂ ሐኪም ነው፤ ከጥንት እስከ ዛሬ ያለውን የካንሰር ታሪክ በአንድ ጥራዝ ሊይዝ ይሞክራል። ዋፕነር ጋዜጠኛ ናት፤ የአንድ ክሮሞሶምን ነገር ብቻ ይዛ እስከ ጥግ ትሄዳለች። ሁለቱም መነበብ አለባቸው። የእኔ ጥያቄ የሚያቆሙበት ቦታ ላይ ነው።

መጀመሪያ ግን መጋጠሚያውን እንይ።

ሁለት ትእዛዞች በሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ላይ ተጽፈዋል እንበል። አንዱ «እንግዳ ሲያንኳኳ ብቻ በሩን ክፈት» ይላል። ሌላው «ሌትም ቀንም መብራቱን አብራ» ይላል። ሁለቱም ደህና ትእዛዞች ናቸው፤ ቤቱ በእነሱ ይተዳደራል። አሁን ሁለቱም ወረቀቶች መሐላቸው ላይ ተቀደዱና ቁራጮቹ ተለዋውጠው ተለጠፉ። ምን ተፈጠረ? «ሌትም ቀንም በሩን ክፈት።» የፊደል ማረሚያ ፕሮግራም አስገቡበት፣ ምንም ቀይ መስመር አያሰምርም። ሰዋስው አልጎደለም። እያንዳንዱ ቃል ትናንት የነበረው ቃል ነው። ቤቱ ግን ከዛሬ ጀምሮ የማንም መግቢያ ሆነ። (የተረፈው «እንግዳ ሲያንኳኳ ብቻ መብራቱን አብራ» የሚለው ነው፤ እሱ ብዙም ጉዳት የለውም፣ እንለፈው።)

ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ፣ ባጭሩ ሲኤምኤል፣ የነጭ የደም ሴሎች ካንሰር ነው፤ የሚነሳውም ከዚህ ዓይነት ቅያሬ ነው። ከ9ኛው ክሮሞሶም ጫፍና ከ22ኛው ክሮሞሶም ጫፍ ይቆረጡና ቦታ ይለዋወጣሉ። 9ኛው ላይ ኤቢኤል የሚባል ጂን አለ፤ የሚሠራው ፕሮቲን ሴሉ እንዲባዛ ምልክት ከሚያስተላልፉት አንዱ ነው፣ ግን ራሱን በራሱ የሚቆልፍበት ክፍል አለውና ሲጠራ ብቻ ይነሳል። 22ኛው ላይ ቢሲአር የሚባል ጂን አለ። ቅያሬው ሲካሄድ ኤቢኤል የፊት ለፊቱን ጫፍ፣ ከቁልፉ ጋር፣ ያጣል። በምትኩ የሚለጠፍበት የቢሲአር ቁራጭ ደግሞ ከመሰሎቹ ጋር የመጣበቅ ጠባይ አለው፤ ፕሮቲኖቹ እርስ በርስ ተያይዘው እንደበሩ ይቀራሉ። በእኛ ቋንቋ ማብቂያ የሌለው ሉፕ ነው፦ ተባዛ፣ ተባዛ፣ ተባዛ።

ይሄ ለጎጃም ሰው እንግዳ አስተሳሰብ መሆን የለበትም። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር ነው። ቃልን ማን ላይ ቆርጦ ከማን ጋር እንደሚያጋጥም የሚጨነቅ ትምህርት ለዘመናት የኖረበት አገር ነው። እኔ ቅኔ አልተማርኩም፣ ኢንጂነሪንግ ነው የተማርኩት፤ ግን ቅኔ ያልተማረም ቢሆን «ደመወዝ» የሚለውን ቃል ሰዎች «ደም» እና «ወዝ» ብለው ሲፈቱት ሰምቷል። ደምም ወዝም የወር ክፍያ አይደሉም፤ ሲገጠሙ ሆኑ። ከሁሉም ደግሞ አማርኛችን «ግጥም» የሚለውን ቃል ያገኘው «ገጠመ» ከሚለው ግስ ነው። ሳይንቲስቶቹ «ፊውዥን ጂን» የሚሉትን አንዳንድ ሰው «የተዋሐደ ጂን» ብሎ ይተረጉመዋል። ለእኔ አይጥመኝም። ውሕደት ሁለቱ ነገሮች እስከማይለዩ ሲቀላቀሉ ነው። እዚህ ግን መገጣጠሚያው እስከ ዛሬ ይታያል፣ በቁጥር ይጠቀሳል፣ በምርመራም የሚፈለገው እሱ ራሱ ነው። «ግጥም ጂን» ቢባል ምን ይለዋል?

ታሪኩን ዋፕነርም ሙከርጂም በደንብ ይነግሩታል። በ1960 ፒተር ናዌልና ዴቪድ ሃንገርፎርድ በፊላደልፊያ የሲኤምኤል ታማሚዎችን ሴል ሲያዩ አንድ ከልክ በላይ ያጠረች ክሮሞሶም አገኙ። የከተማዋ ስም ተሰጣት። ለ13 ዓመታት ያህል ሁሉም የመሰለው የጎደለ ነገር ያለ ነው፤ አጠረች፣ እንግዲህ ቁራጩ ጠፍቷል። በ1973 የቺካጎዋ ጃኔት ራውሊ ቁራጩ እንዳልጠፋ፣ 9ኛው ክሮሞሶም ላይ እንደተለጠፈ አሳየች። የሠራችው አዲስ በመጣ የማቅለሚያ ዘዴ የተነሱ የክሮሞሶም ፎቶዎችን በመቀስ እየቆረጠች፣ የቤቷ የምግብ ጠረጴዛ ላይ እየደረደረች ነው። ልጆቿ እናታቸው በወረቀት አሻንጉሊት እየተጫወተች ደመወዝ እንደምትበላ ይቀልዱባት ነበር። ለእኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ትልቁ ገጽ ይሄ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው «ምን ጎደለ?» ማለቱን ትቶ «የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ። ኮድ ውስጥ የጠፋ ፋይል የፈለገ ሰው የእነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ልዩነት ያውቀዋል።

ቅያሬው ሁልጊዜ ግጥም ጂን አይፈጥርም። በርኪት ሊምፎማን ውሰዱ። ዴኒስ በርኪት ኡጋንዳ ይሠራ የነበረ ቀዶ ሐኪም ነው፤ በ1958 በሕፃናት መንጋጋ ላይ ስለሚያብጠው ዕጢ ጻፈ፣ በ1961 ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአሮጌ ፎርድ መኪና ወደ 10 ሺህ ማይል ተጉዞ ዕጢው የት የት እንዳለ በካርታ ላይ አሰፈረ። ካርታው አንድ የሚገርም ነገር ነበረው፦ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ገደማ ሲያልፍ ዕጢው ይጠፋል። እንግዲህ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። የቆላ ወባ የማይወጣው ደጋ ላይ ዕጢውም አይወጣም፤ ወባ በልጆቹ የመከላከል አቅም ላይ የሚያደርሰው ጫና ከኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ጋር ተደምሮ መንገድ እንደሚከፍትለት ኋላ ላይ ታወቀ። በሴሉ ውስጥ የሚሆነው ደግሞ የ8ኛውና የ14ኛው ክሮሞሶም ቅያሬ ነው። እዚያ ሚክ የሚባለው ጂን አይቆረጥም፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ፣ አንዲት ቃል ሳይጎድልበት፣ ማይክራፎን ወዳለበት ሰፈር ይዛወራል። ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራው ጂን ጎረቤት ይሆናል፤ ጎረቤቱ ሲጮህ እሱም ይጮኻል። ያው፣ እዚህም ፊደል አልተሳሳተም። አንድ ሰው ደጀን ላይ ቆሞ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ሲያይ በርኪት በካርታ ያሰመረውን መስመር በዓይኑ እያየ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ።

ኢማቲኒብ፣ በንግድ ስሙ ግሊቬክ፣ በግንቦት 2001 በአሜሪካ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት ብራያን ድሩከርና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱት 54 ታማሚዎች የ53ቱ የደም ቆጠራ ወደ ጤናማ ተመለሰ። «ታይም» መጽሔት ክኒኖቹን ሽፋኑ ላይ አውጥቶ ጥይት አላቸው። ተቃውሞዬ እዚህ ይጀምራል። ጥይት ይገድላል፣ ጦርነት ያልቃል። «የፊደል ግድፈት» የሚለውም ምሳሌ ወደዚያው ይወስዳል፦ ግድፈት ይታረማል፣ ከታረመ አለቀ። የዋፕነር መጽሐፍ የመጀመሪያው እትም ንዑስ ርዕሱ ላይ «ካንሰርን በጂን ደረጃ ለማዳን» የሚል ሐሳብ አለ። ኢማቲኒብ ግን ጂኑን አይነካውም። የሚያደርገው በተገጠመው ፕሮቲን ላይ ያለች፣ ፕሮቲኑ ኃይል የሚያገኝባትን ጎድጓዳ ስፍራ መሙላት ነው። «ሌትም ቀንም በሩን ክፈት» የሚለው ወረቀት እንደተለጠፈ ነው፤ መድኃኒቱ የበረኛውን እጅ ይይዛል እንጂ ወረቀቱን አይቀድም። ደም ውስጥ ያለው መጠን በ18 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ በየቀኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ 400 ሚሊግራም፣ ለዓመታት። ሶፍትዌር ላይ ለሚሠራ ሰው፦ ፓች አይደለም፤ በየ24 ሰዓቱ እንደገና መነሳት ያለበት ፕሮግራም ነው።

ውጤቱን ላሳንስ አይደለም። ትልቁ ጥናት ለ10 ዓመት ያህል ሲከታተላቸው በኢማቲኒብ ከጀመሩት ታማሚዎች 83 በመቶ ገደማ በሕይወት ነበሩ። ከዚያ በፊት በሽታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚገድል ነበር። ግን «ኖረ» እና «ዳነ» አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ደግሞ ዕለታዊ ክኒን ነው።

«ዳነ» የሚባልበትም አለ። የ15ኛውና የ17ኛው ክሮሞሶም ቅያሬ የሚፈጥረው ሌላ ሉኪሚያ ላይ የሻንጋዩ ሐኪም ዋንግ ዠንዪ በ1985 ከቫይታሚን ኤ የሚወለድ መድኃኒት ለአንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ሰጥቶ አሻላት፤ በኋላ ከሐርቢን የመጣው አርሴኒክ ሲጨመርበት ሁለቱ የተገጠመውን ፕሮቲን ራሱን ያፈርሱታል፣ አብዛኞቹ ታማሚዎችም ሕክምናቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ። ስለዚህ «ግጥም ጂን ስለሆነ አይድንም» ማለቴ አይደለም። እንደ ግጥሙ ነው።

አገር ቤት፣ ደብረ ማርቆስ፣ ለቤተሰባችን ቅርብ የሆኑ አንድ አባት ይህን ክኒን ይወስዳሉ። ባለፈው ስሄድ ቡና ላይ ተቀምጠን እንዲህ አሉኝ፦

«አንተ የኮምፒውተር ልጅ፣ ደሜ ደህና ሆኗል አሉኝ። ማሳዬንም በደንቡ እያረስሁ ነው። እንግዲህ ምኑን ነው የምውጠው?»

«ጋሼ፣ በሽታው ተኝቶ ነው እንጂ አልሄደም። ክኒኑ ነው እንዳይነሳ የያዘው።»

ዝም ብለው ሲኒያቸውን አዙረው፦ «ማማ መጠበቅ ነው በለኛ! ዝንጀሮው አልሞተም። አንድ ቀን ከማማው ከወረድህ ማሽላህን ይበላዋል።»

ሙከርጂ ካንሰርን ንጉሠ ነገሥት አድርጎታል፣ ታይም ክኒኑን ጥይት። የእኚህ ሰው ምሳሌ ከሁለቱም ትክክል ነው። ንጉሥ ይወርዳል፣ ጥይት ይተኮሳል፤ ማማ ግን ነገም ይወጣበታል።

ይሄ ምሳሌ ከቡና ወሬ በላይ የሚሆንበት ምክንያት አለ። በ2010 የለንደን ሐኪሞች 87 የሲኤምኤል ታማሚዎችን ክዳኑ ላይ ቺፕ ባለበት የክኒን ጠርሙስ ለሦስት ወር ተከታተሉ፤ ጠርሙሱ በተከፈተ ቁጥር ይመዘገባል። ከክኒናቸው ከ90 በመቶ በላይ የወሰዱት በስድስት ዓመት ውስጥ በሽታው በጣም ዝቅ ወደሚልበት ደረጃ የመድረስ ዕድላቸው 94.5 በመቶ ሆኖ ተገኘ። 90 በመቶና ከዚያ በታች የወሰዱት 28.4 በመቶ። አሥር በመቶ ማለት በወር ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን!

አሁን ሦስት ቀንን በእኛ መንገድ አስቡት። በኢትዮጵያ ኢማቲኒብ በነፃ የሚገኘው በአምራቹ በኖቫርቲስና በማክስ ፋውንዴሽን የእርዳታ ፕሮግራም በኩል ሲሆን፣ ለረጅም ዓመታት ማዕከሉ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር። (ማክስ ፋውንዴሽን በ1997 የተመሠረተ ሲሆን ስያሜውን ያገኘው በዚሁ በሽታ በ17 ዓመቱ ካረፈ ልጅ ነው።) ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደጀን ላይ ወደ ዓባይ ሸለቆ መውረድ፣ ጎሐ ጽዮን ላይ መውጣት አለ። በደህናው ቀን የአንድ ቀን መንገድ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት መንገዱን ደጋግሞ ዘግቶታል። ለሌላ ሰው የተዘጋ መንገድ የቀረ ሠርግ ወይም የዘገየ ጭነት ነው። ለዚህ ታማሚ በፐርሰንት የሚቆጠር ነገር ነው።

እና እውነተኛው የፊደል ግድፈት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ኢማቲኒብ በተፈቀደበት በዚያው በ2001 ተመራማሪዎች መድኃኒቱ መሥራት ያቆመባቸውን ታማሚዎች ሲመረምሩ በተገጠመው ጂን ላይ የአንድ ፊደል ለውጥ አገኙ። በፕሮቲኑ 315ኛ ቦታ ላይ የነበረው ትሪዮኒን በአይሶሉሲን ተተክቷል፤ በዲኤንኤው ላይ አንዲት ፊደል ብቻ። ያቺ ለውጥ መድኃኒቱ የሚቀመጥባትን ጎድጓዳ ስፍራ ታጠብባለች። ኢማቲኒብ አይገባም፣ ከእሱ ቀጥለው የመጡት ዳሳቲኒብና ኒሎቲኒብም አይገቡም። የሚገባው በ2012 የተፈቀደው ፖናቲኒብ ነው። ስለዚህ የታወቀው ምሳሌ እውነት አለው፣ ግን በተገላቢጦሽ፦ ግድፈቱ በሽታውን የፈጠረው አይደለም፣ በሽታው ከመድኃኒቱ ያመለጠበት ነው።

ሙከርጂ ይህን አልዘለለውም። ስለ መድኃኒትና ስለ በሽታ የማያልቅ እሽቅድምድም ጥሩ ምዕራፍ አለው። ግን እሽቅድምድሙ በሞለኪውል እና በሞለኪውል መካከል ነው፤ አንዱ ይለወጣል፣ ላቦራቶሪው ሌላ ይሠራል። ሩጫው ሁልጊዜ በቦስተንና በባዝል፣ በሎስ አንጀለስና በፖርትላንድ መካከል ነው። መድኃኒቱ መሥራት ያቆመው ፊደል ስለተለወጠ ነው ወይስ ሰውየው ለሁለት ሳምንት መድኃኒቱን ስላላገኘ? ይህን የሚለይ ምርመራ የሌለበት ቦታ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ይህ ከገጽ እጥረት የመጣ አይመስለኝም፤ ገጹማ ሞልቷል። ድሉን መጨረሻ ላይ ለማስቀመጥ ሲባል ታሪኩ ክኒኑ ከፋብሪካ በወጣበት ቀን ይዘጋል።

ጥያቄው አገር ውስጥ ተጠይቋል። በ2021 ከጥቁር አንበሳ የፍስሐጽዮን ታደሰና ባልደረቦቹ፣ ከሲያትሉ ጄራልድ ራዲች ጋር፣ ኢማቲኒብ እምቢ ባላቸው ኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ላይ እነዚህን የፊደል ለውጦች የፈተሸ ጥናት አሳትመዋል። የራዲች ላቦራቶሪ በነገራችን ላይ የግጥም ጂን ምርመራን በወረቀት ላይ ከደረቀ የደም ጠብታ መሥራት የሚቻልበትን ዘዴ ያዘጋጀ ነው፤ ፍሪጅ የለ፣ የቀዘቀዘ ሳጥን የለ፣ በፖስታ የሚሄድ ወረቀት። ሌላም አለ፦ ለቲቢ ምርመራ በየሆስፒታሉ የምናውቀው ጂንኤክስፐርት ማሽን፣ ካርትሪጁ ሲቀየር ይህንኑ ግጥም ጂን መቁጠር ይችላል። ማሽኑ አለ፤ የሚያስፈልገው ካርትሪጅ ነው። መድኃኒቱን ለማቆም መሞከር የሚቻለውም በዚህ ብቻ ነው፤ በሽታው ለዓመታት እጅግ ዝቅ ብሎ ከቆየላቸው መካከል ወደ ግማሽ የሚጠጉት ክኒኑን አቁመው እንዳልተመለሰባቸው ጥናቶች አሳይተዋል፣ ግን ካቆሙ በኋላ በየወሩ መቁጠር የግድ ነው። እኔ ብሆን የሚቀጥለውን መጽሐፍ ከዚህች ካርትሪጅ ነበር የምጀምረው።

ስለ ዋጋ ባጭሩ፦ በ2001 አሜሪካ ውስጥ በዓመት ወደ 30 ሺህ ዶላር የነበረው ግሊቬክ በ2012 ወደ 92 ሺህ ደርሶ ነበር፤ ከመቶ በላይ የዘርፉ ሐኪሞች በ2013 በአንድ መጽሔት ላይ ተቃውሟቸውን ጻፉ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ መግቢያ ላይ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኖቫርቲስን የባለቤትነት መብት ጥያቄ ውድቅ አደረገ፤ የሕንድ ፋብሪካዎችም ርካሹን ማምረታቸውን ቀጠሉ። ስለ ሞለኪውል የሚጽፍ ሰው ስለ ፍርድ ቤት ሲጽፍ ሥራው ያልሆነ ይመስለዋል። ግን ክኒኑን ባሕር ማዶ ያሻገረው ፍርድ ቤቱም ነው።

ሐኪም ለሆነ ጓደኛዬ «ግጥም ጂን» የሚለውን ስያሜዬን ነገርኩት። ሳቀብኝ። ክፍል ውስጥ «ፊላደልፊያ ፖዘቲቭ» ነው የምንለው አለኝ፤ በቃ። ታማሚዎቹ ራሳቸው ቃሉን ቶሎ ይለምዱታል አለ፣ በተለይ ትልልቆቹ፤ በዮሐንስ ራእይ ካሉት ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናትና። አንዷ እናት «እኔ የፊላደልፊያ ነኝ» ብለው ለተረኛው ነርስ ሲያስተዋውቁ ሰምቷል።